ማኑዋል መኪና ከገበያ የሚወጣበት ስሌት

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ገበያ ከቀረቡት አዳዲስ መኪኖች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ማኑዋል ነበሩ። ዛሬ ድርሻቸው ወደ አንድ በመቶ ወርዷል፤ በዚያው አገር በአሁኑ ወቅት ከማኑዋል ይልቅ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት ይሸጣል። ብዙ ሰው ለውጡን ከምቾት ጋር ያያይዘዋል። ይሁንና ምቾቱ አዲስ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ገጥሞ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ የሰለቸው ሾፌር ያን ጊዜም ነበር። ማኑዋልን ለአሥርት ዓመታት ያቆየው ዋጋው ነበር፤ አሁን ከገበያ እያስወጣው ያለውም የዋጋው ስሌት መገልበጡ ነው።

የቀደመው አውቶማቲክ ካምቢዮ ለመሥራት ውድ፣ ለመጠገን አስቸጋሪ፣ ነዳጅም የሚበላ ነበር። የሞተሩን ጉልበት የሚያሸጋግረው በዘይት አማካይነት ስለነበር ከጉልበቱ የተወሰነው ዘይቱን በማሞቅ ይባክናል። ሦስት ወይም አራት ማርሽ ብቻ ስለነበረው ደግሞ ሞተሩ ብዙ ጊዜ በማይስማማው ፍጥነት ይሽከረከር ነበር። ቤንዚን ርካሽ፣ ሞተሩም ትልቅ በሆነባት አሜሪካ ይህ ብክነት ብዙም አላሳሰበም። በነዳጅ ላይ ከባድ ግብር የጣሉት የአውሮፓ መንግሥታት ግን ገዢውን ወደ ትንሽ ሞተርና ወደ ማኑዋል ገፉት። አውሮፓዊው ሾፌር ከማርሽ ጋር የነበረው ቁርኝት ብዙውን ከማደያ ሂሳብ የመጣ ነው።

ስሌቱን የገለበጠው ኮምፒውተር ነው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ፍሪሲዮን ያለውን ካምቢዮ በብዛት ለገበያ አቀረበ፤ አንዱ ፍሪሲዮን የያዘው ማርሽ ሲሠራ ቀጣዩ ማርሽ በሁለተኛው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የጀርመኑ ዜድ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ስምንት ማርሽ ያለውን አውቶማቲክ ይዞ መጣ። እነዚህ ካምቢዮዎች ሞተሩ ነዳጅ በሚቆጥብበት ፍጥነት እንዲቆይ ማርሹን በቅጽበት ይመርጣሉ። ጎበዝ ሾፌር ለአንድ ሰዓት እንዲህ ሊነዳ ይችላል፤ ደክሞትና ተጨናንቆ ቀኑን ሙሉ መድገም ግን ያዳግተዋል።

ለፋብሪካዎቹ ይህ በቀጥታ ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአንድ አምራች መኪኖች አማካይ የካርቦን ልቀት ከተቀመጠለት ጣሪያ ካለፈ፣ በኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም 95 ዩሮ ያስቀጣል፤ ቅጣቱ በተመዘገቡት አዳዲስ መኪኖች ቁጥር ይባዛል። በዓመት አንድ ሚሊዮን መኪና ለሚሸጥ ድርጅት የአንድ ግራም ልዩነት 95 ሚሊዮን ዩሮ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ የሞተርና የካምቢዮ ጥምረት ለብቻው ተፈትኖ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የማኑዋል ገዢ ሲያንስ ያ ወጪ የሚከፋፈለው በጥቂት መኪኖች ላይ ነው፤ በዚህም ርካሹ ካምቢዮ ለአምራቹ ውዱ ይሆናል። አምራቹ አማራጩን ሲያነሳ ደግሞ የቀረው ገዢ የሚሄድበት ያጣል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2023 ያስተዋወቀውን አዲሱን ፓሳት ያለ ማኑዋል ለገበያ ያቀረበው በዚህ መንገድ ነው። በቀጣዩ ዓመት የስፖርት መኪና ወዳጆች የሚሳሱለት ጎልፍ ጂቲአይም ማኑዋሉን ተነጠቀ።

የደህንነት ሕጉም ወደዚያው ይገፋል። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ አደጋ ሲያይ በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት እንዲኖረው ግድ ሆኗል። ራሱ የሚቆም፣ በትራፊክ ጭንቅንቅ ውስጥም ራሱ የሚነሳ መኪና ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር እስኪመጣ አይጠብቅም።

ጃፓን ከአውሮፓ ቀድማ ወደ አውቶማቲክ ዞራለች። ለአውቶማቲክ ብቻ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ይህ የጃፓኖች ምርጫ ለአዲስ አበባ ሾፌርም ተርፏል። ያገለገለ መኪና የሚያስገባ አገር የሚያስገባው የመጀመሪያው ገዢ የመረጠውን ነው። ከዓመታት በፊት የጃፓን ነዋሪ ለሰፈሩ ጉዞ የገዛው ቪትዝ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮውን እንደያዘ የአዲስ አበባ ቤተሰብ መኪና ሆነ። በማኑዋል ላዳና በዲኤክስ መንዳት የተማረ ትውልድ ልጆቹን በቪትዝ ትምህርት ቤት ማድረስ የጀመረው አገር ውስጥ አንድም ፖሊሲ ሳይወጣ ነው።

ፖሊሲው የመጣው ኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ቀረጡ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣ ዜሮ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናገሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከአገር ውስጥ ውኃ ይመነጫል።

የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የማኑዋልና የአውቶማቲክን ክርክር ከነአካቴው ይዘጋዋል። የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲሽከረከር ጉልበት ስለሌለው ማርሽ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከቆመበት ይሰጣል፤ በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይም ስለሚሽከረከር አንድ ቋሚ ማርሽ ይበቃዋል። ይህ ለአዲስ አበባ ትልቅ ጥቅም አለው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ያጣል። የሽሮ ሜዳን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እየተንገታገቱ መውጣት የመጣው ከዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው አይነካውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ይሞላል።

ኪሳራው የሚያርፈው ጋራዥ ላይ ነው። ፍሪሲዮን ማለቁ፣ ካምቢዮ መውረዱ፣ ዘይት መቀየሩ የመካኒኩ የዘወትር እንጀራ ነበር። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ ሥራ ከሞላ ጎደል የለም። በቦታው የሚተካው የባትሪ ምርመራና የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥገና ሲሆን እሱ ሥልጠና፣ የምርመራ ኮምፒውተርና የመከላከያ ጓንት ይጠይቃል። ያለ ሥልጠና 400 ቮልት የሚነካ እጅ ሕይወት ያስከፍላል። መንግሥት በቀረጥ ያፋጠነውን ለውጥ በጋራዥ በኩል ለመካኒኩ ብቻ መተው ፍትሐዊ አይደለም።

የማርሽ ችሎታም ገና ዋጋ አለው። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ ብዙ ከባድ መኪኖች፣ አይሱዙዎችና ሚኒባሶች አሁንም በማኑዋል ይሠራሉ፤ ለብዙ ወጣት መንጃ ፈቃድ የሥራ ወረቀት ነው። በአውቶማቲክ ብቻ የተማረ ሰው ግን ይህ ሥራ ያመልጠዋል። ጀርመን ይህን ችግር ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀላሉ ፈትታዋለች፤ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው በማኑዋል ቢያንስ አሥር ክፍለ ጊዜ ከተማረና በማሠልጠኛው አጭር ፈተና ካለፈ ሁለቱንም መንዳት ይችላል። ኢትዮጵያም ተመሳሳይ መንገድ ብትከተል የቤተሰብ መኪና የሚነዳው በማይጠቀምበት ፍሪሲዮን ጊዜና ገንዘብ አይጨርስም፤ ጭነት መኪና ላይ ሊሠራ የሚያስበውም ተጨማሪውን ሥልጠና ወስዶ ይወጣል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአውቶሞቲቭ ክፍሎች ደግሞ ነባር መካኒኮችን በማታና በቅዳሜ ተቀብለው የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ሊሰጡ ይችላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎችና ገጣጣሚዎች ከቀረጡ ማበረታቻ ተጠቃሚ እስከሆኑ ድረስ ለዚህ ሥልጠና የምርመራ መሣሪያ እንዲያቀርቡ መጠየቅ ተገቢ ነው።