ምሰሶው የቆመበት ወለል ሲሰምጥ

ነፋስ ሸራን ሲገፋ ጀልባ ወደ ፊት እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ያው ነፋስ የጀልባዋን ምሰሶ ወደ ታች እንደሚጫነው ግን ብዙዎቻችን ልብ አንልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከፋይበርግላስ በተሠሩ የሸራ ጀልባዎች ላይ፣ ምሰሶው የቆመበት ቦታ ቀስ በቀስ ሲሰምጥ የሚታየው በዚህ ጭነት ምክንያት ነው።

ጭነቱ ከየት ይመጣል? ጀልባዋ ስታዘነብል ወደ ቀድሞ አቋሟ የሚመልሳት ሞመንት አለ። በነፋሱ በኩል ያለው የብረት ገመድ የጀልባዋን ጎን ወደ ላይ ሲስብ፣ ምሰሶው በአጸፋው ወለሉን ወደ ታች ይጫናል። ለምሳሌ 2500 ኪሎ ግራም የሆነች ጀልባ 30 ዲግሪ ስታዘነብል፣ በክብደቷና በውኃው ግፊት መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 0.45 ሜትር ቢሆን፣ መላሹ ሞመንት 11000 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ገመዱ ከምሰሶው 1.1 ሜትር ርቆ ቢታሰር፣ ሞመንቱን ለርቀቱ ስናካፍል 10000 ኒውተን እናገኛለን፤ የአንድ ቶን ክብደት ያህል መሆኑ ነው። የገመዶቹ ውጥረትና የምሰሶው ክብደት ሲታከሉበት ደግሞ ይበልጣል።

በብዙዎቹ ጀልባዎች ምሰሶው የሚቆመው በጓዳው ጣሪያ ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለ ቋሚ ጭነቱን ወደ መሠረቱ ያደርሳል። ጣሪያው በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ኮምፔርሳቶ ወይም ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት ይዟል። በቡሎን ቀዳዳዎች ውኃ ሲሰርግ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ይጨፈለቃልም። ያኔ የጓዳው በር አልዘጋ ይላል፤ ገመዶቹም ይላላሉ። ባለቤቱ ምክንያቱን ሳይመረምር ገመዶቹን ደጋግሞ ካጠበቀ ጭነቱን ይጨምራል፤ መስመጡም ይብሳል። መጨረሻው በማዕበል መካከል የምሰሶ መውደቅ ሊሆን ይችላል።

ጥገናው የሚጀምረው ከምርመራ ነው። በጣሪያው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሞ የጎደጎደውን መለካት፣ በትንሽ መዶሻ መታ መታ እያደረጉ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ መለየት፣ የቋሚውን እግር ማየት ያስፈልጋል። እግሩ ያረፈበት እንጨት በስብሶ ከሆነ ጣሪያውን ብቻ ማደስ ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ ምሰሶው በክሬን ይነሣል፤ ጣሪያውም ከሥር በክሪክ በዝግታ ወደ ቦታው ይመለሳል። የላይኛው ንጣፍ ተቆርጦ የበሰበሰው ይወጣል፤ በምትኩ በኢፖክሲ የተነከረ ፋይበርግላስ በድርብርብ ይሞላል። አዲሶቹ የቡሎን ቀዳዳዎችም ውኃ እንዳያስገቡ በኢፖክሲ ይታሸጋሉ።

የጎጆ ቤት ምሰሶ የጣሪያውን ጭነት ለመሬት እንደሚያስረክብ ሁሉ፣ እዚህም ኃይሉ ከላይ እስከ መሠረት ያልተቋረጠ መንገድ ይሻል። እስቲ እናንተ አስሉ፦ ገመዱ ወደ ምሰሶው በግማሽ ቀርቦ ቢታሰር፣ ወለሉ ስንት ኒውተን መሸከም ይኖርበታል?