ጉልበቱን የሚያባክነው ሻጋታ

የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይ «ሲትሪክ አሲድ» የሚለውን ሲያነቡ ብዙዎች የሚታያቸው ሎሚ ነው። ዛሬ ገበያውን የሞላው ግን በአብዛኛው አስፐርጊለስ ኒጀር የተባለው ጥቁር ሻጋታ ከስኳር የሚሠራው አሲድ ነው። ሻጋታው ስኳርን በብዛት ወደ አሲድ እንደሚለውጥ አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ከሪ በ1917 እ.ኤ.አ. አሳየ። ፋይዘር ከሁለት ዓመት በኋላ ብሩክሊን ውስጥ ማምረት ጀመረ፤ የጣሊያን ሎሚ አብቃዮችም ገበያቸው ተነጠቀ።

እንቆቅልሹ ግን አልተፈታም ነበር። ያን ሁሉ ስኳር የፈጀ ሻጋታ ስለምን ሰውነቱን አያፋፋበትም?

መልሱ በከፊል ከአተነፋፈሱ ይገኛል። ስኳር ሲሰባበር የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች በማይቶኮንድሪያ ያሉ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ለኦክስጅን ያደርሳሉ፤ በዚሁ ጉዞ ኤቲፒ የተባለው የህዋስ ጉልበት ይመረታል። ኤቲፒ ሲትረፈረፍ ስኳር የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች ይገታሉ። ኤኦኤክስ1 የተባለው ዘረ-መል የሚያስገኘው ኢንዛይም ግን ኤሌክትሮኖቹን መንገድ ላይ ተቀብሎ በቀጥታ ለኦክስጅን ያስረክባል፤ ውሃ ወፍጮውን ሳያዞር በጎን ቦይ እንደማለፍ ነው። ጉልበቱ በሙቀት መልክ ይባክናል፤ ኤቲፒ ስለማይከማች የስኳሩ መሰባበር አይቆምም፤ አሲዱም ይፈሳል። ዘረ-መሉን የጃፓኑ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 ለይተው አውጥተዋል።

የዚህ መንገድ ፋይዳ አየር ሲቋረጥ በግልጽ ይታያል። በ1980 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በምርት ላይ ላለ ሻጋታ አየር ለአጭር ጊዜ ቢቋረጥ ሻጋታው አይሞትም፤ ማደጉንም ይቀጥላል። የአሲድ ምርቱ ግን ያሽቆለቁላል፤ የጎን መንገዱም ይዳከማል። ለዚህ ነው አምራቾች አየር እንዳይቋረጥ የሚጠነቀቁት። ማንጋኒዝንም ከስኳሩ ውስጥ አጥርተው ያወጣሉ፤ ማንጋኒዝ ሲያጣ ሻጋታው ረጅም ክር መዘርጋቱን ትቶ አጭርና ያበጠ ይሆናል፤ አሲዱም ይበዛል።

እንግዲህ የሻጋታው ዕድገትና የፋብሪካው ትርፍ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ዘረ-መሉን ማበርታት ብቻውንም መፍትሔ አይሆንም፤ የጎን መንገዱ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ሙቀትም ያወጣል። አየር መንፊያውና ማቀዝቀዣው ከዘረ-መሉ ጋር እኩል ካልተራመዱ በቤተ-ሙከራ የተገኘው ብልጫ ፋብሪካው ውስጥ አይደገምም።