ሰጪው ከሄደ በኋላ

በገጠር ማኅበረሰብ ዘላቂነትና በበጎ አድራጎት ላይ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከለጋሹ ነው። ድርጅቱ ምን አመጣ? ስንት አባወራ ደረሰው? መጠይቁ ይበተናል፣ ቁጥሩ ይደመራል፣ ተማሪው ይመረቃል። በተማሪው መፍረድ ያስቸግራል፤ መስክ ላይ የሚቆየው ሳምንታት፣ ቢበዛ ወራት ነው፤ መኪናውንና የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር የሚያገኘውም ከዚያው ከሚያጠናው ድርጅት ሊሆን ይችላል። ይሁንና አንድ ሥራ መዝለቅ አለመዝለቁን ለማወቅ፣ ሰጪው ከመምጣቱ በፊት መንደሩ በምን ተደጋግፎ ይኖር እንደነበር መጠየቅ ይቀድማል እላለሁ።

ለዚህ መነሻ የሚሆን ሥራ አለ። በ1981 ዓ.ም. በጥቂት መንደሮች ተጀምሮ በ1986 ዓ.ም. ወደ 15 የሰፋው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ጥናት ያንኑ አባወራ ለዓመታት እየተመላለሰ ጠይቋል። ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በዚህ መረጃ ተመርኩዘው ዕድርን እንደ አንድ የመድን ተቋም መርምረውታል። ዕድር የአባላት መዝገብ፣ ደንብ፣ የታወቀ መዋጮና መቀጮ አለው፤ አንዳንዱም ከቀብር አልፎ በሬ ለሞተበት፣ ቤት ለተቃጠለበት ይደርሳል። ድንኳኑ ቢቀደድ ማን እንደሚያሰፋው አያከራክርም። ከዚህ ጎን የእጅ ፓምፕን እንይ። አፍሪዴቭ የሚባለው የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን መዋጮውን የሚሰበስብ፣ መፍቻውን የሚይዝ፣ ላልከፈለው «አልቀዳህም» የሚል ሰው ከሌለ፣ አንዲት ጎማ ባለቀች ቀን ውኃው ይቆማል፤ ሴቶቹም እንስራቸውን አዝለው ወደ ድሮው ወንዝ ይወርዳሉ።

ዕድር ቀባሪ እንጂ ሐኪም ቤት ሠሪ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የካርልሄንዝ በም በጎ አድራጎት ድርጅት «ሰዎች ለሰዎች» በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ያሠራውን ሆስፒታል የመንደር መዋጮ አያቆመውም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ድርቅ ነው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ሲመታ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው አይኖረውም። ደሳለኝ ራሕማቶ የ1977ቱን ረሃብ በአምባሰል ሲያጠኑ፣ ገበሬው ምግቡን እየቀነሰ፣ ከብቱን እየሸጠ ደረጃ በደረጃ መቋቋሙን አሳይተዋል፤ ያ አቅምም ወሰን ነበረው። የውጭ እጅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሲገባ ግን በየት በር ይግባ? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ችግረኛውን ለመለየት የቀበሌ ነዋሪዎች ኮሚቴ አስፈልጎታል፤ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ የሚያውቀው ጎረቤት ነውና። እርግጥ ጎረቤት ያዳላል፣ ዘመዱን ያስቀድማል፤ መዋጮ የማይችለው ድኻም ከዕድሩ ውጭ ሊቀር ይችላል። ታዲያ ይህ አድልዎ የት እንደሚብስ፣ የትኛው ደንብ እንደሚገታው ማጥናት የአንድ ፕሮጀክት ተጠቃሚዎችን ከመቁጠር የበለጠ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።

የጊዜው እጥረትም መላ አለው። ሁለት ዓመት ብቻ ያለው ተማሪ የወደፊቱን አሥር ዓመት መጠበቅ አይችልም፤ ለጋሹ ከወጣ አሥር ዓመት ያለፈውን ወረዳ መምረጥ ግን ይችላል። እዚያ ሲደርስ መጠይቁን ከማውጣቱ በፊት የውኃ ኮሚቴውን የደረሰኝ ጥራዝ ይጠይቅ፤ የመጨረሻው መዋጮ መቼ እንደተሰበሰበ፣ የመጨረሻውን ጎማ ማን እንደገዛ ከዚያ ያንብብ።