ማኅደርና ትውስታ፦ ለሙዚየም የፎቶግራፍ ስቱዲዮ ኮምፒዩተር ሲመረጥ የሚነሡ የስያሜ ጉዳዮች

የአንድ ሙያዊ ቃል ጉድለት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይታይ ቆይቶ በሥራ ቦታ ሊገለጥ ይችላል። በካፋ ዞን፣ በቦንጋ ከተማ እንደሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያለ ተቋም ቅርሶቹን በዲጂታል ፎቶግራፍ ለመመዝገብ ኮምፒዩተር ይገዛል እንበል። ባለሙያው የሚፈልገውን ይናገራል፤ ተርጓሚው በአማርኛ ዝርዝር ያሰፍረዋል፤ ነጋዴው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ላይ ያነበዋል። ከሦስቱ መካከል ያለው ድልድይ ቃሉ ብቻ ነው። አንድ ቃል ሁለት ጽንሰ ሐሳብ ከተሸከመ ያልተፈለገ መሣሪያ ይመጣል፤ ከዚያም የከፋው፣ የተነሣው ፎቶግራፍ ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ዝርዝር የሚያስፈልጉ ዋና ዋና ስያሜዎችን ይመረምራል።

ሀ. ትውስታና ማኅደር

«ማኅደር» ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን ሥሩ «ኀደረ» (አደረ) ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። በአማርኛም የብራና መጽሐፍ ለሚቀመጥበት የቆዳ ከረጢትና ለሰነድ መያዣ ይነገራል። በእነዚህ ፍቺዎች ሁሉ ጸንቶ የመቆየት ሐሳብ አለ። በኮምፒዩተር አማርኛ «ማኅደረ ትውስታ» የተባለው ክፍል ግን ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ መረጃ የሚይዝ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ስሙ ማደሪያ ይበል እንጂ በውስጡ የሚያድር ነገር የለም።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይጎላል። የ24 ሚሊዮን ነጥብ ምስል ሳይታመቅ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለማት፣ ለእያንዳንዱም ቀለም 2 ባይት ቢመደብ 144 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። 2,000 ቅርሶች እያንዳንዳቸው ከአምስት አቅጣጫ ቢነሡ 10,000 ምስሎች፣ ማለትም 1.44 ቴራባይት ይሞላሉ። ይህ የማስቀመጫ ጉዳይ ነው። ጥቂት ትልልቅ ምስሎችን በአንድ ጊዜ ከፍቶ ለማስተካከል ግን 32 ጊጋባይት የሥራ ትውስታ በቂ ነው። «ትልቅ ማኅደረ ትውስታ ያለው» የሚል ዝርዝር ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጠይቅ አይታወቅም። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ማከማቻ» ወይም «ማኅደር»፣ ለሁለተኛው «የሥራ ትውስታ» ማለት ይሻላል።

ለ. ጥራት

«ጥራት» ከ«ጠራ» የወጣ ሰፊ ቃል ነው። በፎቶግራፍ ሙያ ግን የነጥቦችን ብዛትም፣ የቀለምን ትክክለኛነትም፣ የምስሉን ንጽሕናም ያመለክታል። በጭስ የጠቆረ ጀበና ለአብነት ይጠቅማል። በጥቁረቱ ውስጥ የሠሪዋ የጣት አሻራ፣ የጥገና ምልክትና የጥቀርሻ ድርብርብ ይኖራል። ነጥቦቹ ብዙ፣ የቀለም አቀራረቡ ግን ደካማ የሆነ ስክሪን ይህን ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር አድርጎ ያሳያል፤ የቀይ ቡና ፍሬንም መልክ ይለውጣል። ባለሙያው በዚያ ስክሪን እየተመራ ቢያስተካክል ትክክለኛውን ምስል ያበላሻል። ስለዚህ ዝርዝሩ «የነጥብ ብዛት» እና «የቀለም ታማኝነት» ብሎ መለየት፣ ስክሪኑም በየጊዜው በመሣሪያ የሚለካ መሆኑን መግለጽ አለበት። «ጥራት» ለአጠቃላይ ግምገማ ይተው።

ሐ. ቅጂና መጠባበቂያ

«ቅጂ» ከ«ቀዳ» የተገኘ ነው፤ ከምንጭ የተቀዳ ሁሉ ቅጂ ነው። መጠባበቂያ ሁሉ ቅጂ ነው፤ ቅጂ ሁሉ ግን መጠባበቂያ አይደለም። በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ ሁለተኛ ምስል ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። በሙያው የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም ከሕንፃው ውጭ ይሁን ይላል። ከላይ ለተሰላው ስብስብ ይህ 4.32 ቴራባይት ይጠይቃል። እንደ ካፋ ዝናብና እርጥበት በሚበዛበት አገር ደንቡ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኃይል ሲቋረጥ ሥራን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ ደግሞ ሌላ ነገር ስለሆነ «የኃይል መጠባበቂያ» ተብሎ በሙሉ ስሙ ይጠራ።

መ. ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሲካተት ሞክሼ ፊደላት ለየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። በመሆኑም ኮምፒዩተር «ማኅደር» እና «ማህደር»፣ እንዲሁም «ከፋ» እና «ካፋ» የሚሉትን እንደ አንድ ቃል አይቆጥርም። በአንዱ የተመዘገበ ምስል በሌላው ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ይህን ፈጣን መሣሪያ አያቃናውም፤ የሚያቃናው አስቀድሞ የተወሰነ አጻጻፍ ነው። የቅርሱ ስም በካፊኖኖም ሲመዘገብ ቋንቋው የሚጻፍበት የላቲን ፊደል በተመሳሳይ ጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል።

ለማጠቃለል፣ የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል፦

የሥራ ትውስታ — ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ መረጃ የሚይዝ ክፍል።
ማከማቻ፣ ማኅደር — ኃይል ቢቋረጥም መረጃን የሚያቆይ ክፍል።
የነጥብ ብዛት — አንድ ምስል የተገነባባቸው ነጥቦች ቁጥር።
የቀለም ታማኝነት — በስክሪን የሚታየው ቀለም ከቅርሱ ቀለም ጋር ያለው ስምምነት።
መጠባበቂያ ቅጂ — ከዋናው ተለይቶ በሌላ መሣሪያና ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ።

«ማኅደረ ትውስታ» በሰፊው የተለመደ በመሆኑ ከንግግር ማስወጣት ያስቸግር ይሆናል። ይሁንና በግዥ ዝርዝርና በሥራ መመሪያ ውስጥ ተርጓሚው ፍቺውን ሳይወስን ሊጠቀምበት አይገባም።