ቤት ሲታደስ፦ የእንጨት በረንዳና የጓሮ አትክልት

የእንጨት በረንዳ ከቤቱ በር ወጥቶ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ የሚነጠፍ መቀመጫ ነው፤ ባለሙያዎች ዴክ ይሉታል። የጓሮ አትክልቱ ከደረጃው ግርጌ ይቀጥላል። ሁለቱ አብረው ሲታቀዱ ቤተሰቡ አንድ ተጨማሪ ክፍል ያገኛል፦ ቡና የሚፈላበት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ለምሳ ቃሪያ የሚቀነጠስበት። በአዲስ አበባ ግን የቤት እድሳት ብዙውን ጊዜ ከጣሪያ ተጀምሮ በቀለም ያልቃል፤ ግቢው የሚታሰበው ገንዘቡ ካለቀና ግንበኛው ዕቃውን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ የተረፈው ሲሚንቶ አፈሩ ላይ ደርቋል፤ የውኃ ቱቦ መቀበር በነበረበት ቦታም ሊሾ ፈሶበታል። ጓሮው የሚሠራው በመጨረሻ ቢሆንም በወረቀት ላይ መነደፍ ያለበት በመጀመሪያ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጠናው የውኃው መንገድ ነው። ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል በአሸንዳው 1,000 ሊትር ያህል ውኃ ይወርዳል፤ ብርቱ የሐምሌ ዝናብ ከዚህም ይበልጣል። ይህ ሁሉ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ የተሠራ በረንዳ እግሩ ውኃ ውስጥ ይከርማል፤ የአትክልቱ መደብም በአንድ ሌሊት ይታጠባል። ጥሩው ነገር አንድ ክረምት ታግሶ ግቢውን ማየት፣ ውኃ የሚተኛበትንም ቦታ በችካል ምልክት ማድረግ ነው። ጊዜ ከሌለ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት፣ ሲሰርግም እንደገና መሙላት ይቻላል። ሁለተኛው ሙሌት ከጥዋት እስከ ማታ ካልሰረገ በዚያ ቦታ የዛፍ ሥር ይታፈናል፤ መፍሰሻ ቦይ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የአፈሩ ዓይነት ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ ቦሌ፣ ቃሊቲና አቃቂ ሲወረድ ጥቁሩ መረሬ ይገኛል። መረሬ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲያብጥም የተተከለበትን ሁሉ ያነሣል። በመስከረም ቀጥ ብሎ የታየ አጥር በሚያዝያ ዘንበል የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መረሬ ባለበት ግቢ የበረንዳው እግር የሚያርፍበት ቦታ በደንብ ተቆፍሮ፣ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ፣ ገረጋንቲ በየደረጃው እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ይህን ወጪ ማስቀረት የሚያዋጣ ቁጠባ አይደለም።

ቀጥሎ ፀሐይ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሰኔ እኩለ ቀን ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ በደንብ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። 2 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው አጥር በታኅሣሥ እኩለ ቀን 1 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ስለዚህ ከደቡቡ አጥር ሥር የሚሠራ የቆስጣ መደብ በበጋው፣ ፀሐይ በሚፈልግበት ወቅት፣ ጥላ ውስጥ ይውላል። በረንዳው ወደ ምዕራብ ቢያይ ይመረጣል፤ የደጋ ከተማ ምሽት ቶሎ ይበርዳልና የአሥር ሰዓት ፀሐይ ለተቀማጭ ትልቅ ጸጋ ናት።

እድሳቱ ሲጀመር ለጓሮው የሚደረገው የመጀመሪያ ሥራ የላይኛውን አፈር ማዳን ነው። ከላይ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ለምለሙ ነው። ተገፎ በግቢው አንድ ጥግ ተከምሮ ካልተሸፈነ ከኮረትና ከሲሚንቶ ፍርፋሪ ጋር ይቀላቀላል። ሲሚንቶ የአፈሩን ጠባይ ስለሚለውጥ አትክልቱ ቅጠሉ እየገረጣ ይቀጭጫል። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከበርና ከመስኮት የሚፋቀው ቅርፊት መደብ በሚሆነው መሬት ላይ መውደቅ የለበትም፤ ሸራ አንጥፎ መልቀም ያስፈልጋል። የውኃና የመብራት ቱቦዎችም ሊሾና ንጣፍ ከመምጣታቸው በፊት ይቀበራሉ። አንድ ትርፍ ባዶ ቱቦ ከበረንዳው ሥር ማሳለፍ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ጣውላ ከመንቀል ያድናል።

የበረንዳውን አሠራር በሚገባ ያስተማሩት ነባሮቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ናቸው። ጣይቱ ሆቴልንና የአዲስ አበባ ሙዚየም የሚገኝበትን የራስ ብሩን ቤት የመሳሰሉት ሕንፃዎች የእንጨት በረንዳቸውን ይዘው ትውልድ ተሻግረዋል። እንዲህ ያለውን በረንዳ ያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እንጨቱን ከእርጥብ አፈር የሚያርቅ የድንጋይ መሠረትና ዝናቡን ከእንጨቱ የሚያርቅ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ። ዛሬም ሕጉ ይኸው ነው። ምሶሶ በቀጥታ አፈር ውስጥ ከተቀበረ የሚበሰብሰው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ አፈርና አየር የሚገናኙበት ያ ጣት የማይሞላ ክፍል ለሻጋታም ለምስጥም የተመቸ ነው። ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት እግር ላይ፣ በላሜራ ጫማ ታስሮ የቆመ ምሶሶ ግን ከዝናብ በኋላ ይደርቃል፤ ምስጥ ቢመጣም የጭቃ መንገዱ ኮንክሪቱ ላይ በዓይን ይታያል።

የእንጨት ምርጫ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነው። የጽድ ቀላ ያለው የግንዱ መሀል ምስጥንና ብስባሴን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ነጣ ያለው የዳር ክፍል ግን ይህ ጠባይ የለውም። የጽድ ደን ስለተመናመነ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ መገዛት የለበትም። ባሕር ዛፍ ጠንካራና በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር በመሀሉ አየር እንዲያልፍ ተደርድሮ ለወራት ካልደረቀ ለንጣፍ አይሆንም። ዋንዛ የቤት ዕቃ እንጨት ነውና ዝናብ ላይ ማዋሉ ያሳዝናል። ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራው ጣውላ አይበሰብስም፤ በቀትር ፀሐይ ግን ለባዶ እግር ይፋጃል። አቅም የፈቀደለት ቤተሰብ አጽሙን በቱቦላሬ አሠርቶና ብየዳውን ሁሉ አንቲረስት አስቀብቶ፣ ላዩን በእንጨት ቢያስነጥፍ ከምስጥ ጭንቀት በብዙው ያርፋል።

ከሥር ያሉት ተሸካሚ ሞራሌዎች በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይደረደራሉ። ከዚያ ከሰፋ ጣውላው ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል። በጣውላና በጣውላ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ውኃው በዚያ ይወርዳል፣ እንጨቱም ሲያብጥ መፈናፈኛ ያገኛል። ንጣፉ ከቤቱ ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ የክረምቱ ፍንጣቂ ሳሎን ይገባል። ከግድግዳውም ጋር መጣበቅ የለበትም። ምስማር ከጊዜ በኋላ ብቅ እያለ የልጅ እግር ስለሚወጋ በብሎን ማሰር ይሻላል። በረንዳው ከፍ ያለ ከሆነ 1 ሜትር ያህል መደገፊያ ይደረግለታል፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት የሕፃን ጭንቅላት እንዳያሳልፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት። ከንጣፉ ሥር ማንሆል ካለ፣ በዚያ ቦታ ላይ ያሉት ጣውላዎች እንደ ክዳን የሚነሡ ሆነው ይሠራሉ። ይህ የተዘነጋበት ቤት ፍሳሹ በተደፈነ ቀን በረንዳውን በመጋዝ ያስቆርጣል።

ምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ለሩቅ አጥር የሚመርጡት አሉ፤ ሰላጣና ቆስጣ ከሚበቅልበት አጠገብ ግን ዘይቱ በዝናብ ታጥቦ አፈር ውስጥ ስለሚገባ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከደረጃው በታች ያለው የመጀመሪያ መደብ ለማጀቱ ቅርብ ለሆኑት ይሰጣል፦ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ጠጅ ሣር። ቡናው ሲወርድ ጤና አዳሙ እጅ ሲዘረጋ የሚደረስበት ከሆነ ጓሮው በየቀኑ ይጎበኛል፤ በየቀኑ የሚጎበኝ ጓሮ አይጠፋም። የቅጠላ ቅጠሉና የሥራ ሥሩ መደብ ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 ባይበልጥ፣ ከሁለቱም ጎን እጅ መሀሉን ስለሚደርስ አፈሩ አይረገጥም። ቆስጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ደጋውን ይወዱታል። ቲማቲም ግን በክረምት በዋግ ስለሚመታ፣ ዝናብ ከማያገኘው ክፈፍ ሥር ካልሆነ ድካም ነው።

ለኮክ፣ ለፖም ወይም ለአቮካዶ የሚሆን ጉድጓድ በሦስቱም ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከመተከሉ ወር ቀደም ብሎ ይቆፈራል። የላዩ አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከፍግ ጋር ይቀላቀላል፤ ችግኙ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጸና ይተከላል። አቮካዶ ትልቅ ዛፍ ይሆናልና ከቤቱ፣ ከሴፕቲክ ታንኩና ከጎረቤት አጥር ይራቅ። ሾላና ባሕር ዛፍ ለጠባብ ግቢ አይሆኑም፤ ሥራቸው ውኃ ፍለጋ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ መሠረትም ይሰነጥቃል።

ልጆች ባሉበት ግቢ ከመትከል ይልቅ መንቀል የሚቀድምባቸው ዕፅዋት አሉ። ለአጥር የሚወደደው ቅንጭብ ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። የጉሎ ፍሬ ያማረ ዝንጉርጉር ስለሆነ ሕፃን መጫወቻ ሊያደርገው ይችላል፤ ቢያኝከው ግን ሊገድል የሚችል መርዝ አለበት። የእድሳት ፍርስራሽ ላይ ራሱ የሚበቅለው አስተናግርም መርዘኛ ነው። በእነዚህ ፈንታ ለልጁ የራሱ ትንሽ መደብ ተሰጥቶት ፌጦ ቢዘራበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅልለታል፤ ትዕግሥቱ ሳያልቅ የእጁን ፍሬ ያያል።

የበጋውን ውኃ በተመለከተ፣ ከአሸንዳው የሚወርደው በሮቶ ቢጠራቀም ከክረምቱ ማግስት ያሉትን ሳምንታት ያሻግራል። ከዚያ በኋላ መደቡን በደረቅ ሣር ማልበስ የውኃውን ፍጆታ በብዙ ይቀንሳል። በረኪና ያለበት የልብስ እጣቢ ለሚበላ አትክልት አይሰጥም። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተቀነጠሰ ቅጠል በአንድ ጥግ ተከምረው በየጊዜው ከተገላበጡ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ይለወጣሉ፤ ሥጋና ቅባት ግን አይጥ ይጠራል።

የበረንዳው እንክብካቤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይሠራል። ንጣፉ ታጥቦ ይደርቃል፤ የሻከረው በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ከዚያ ለደጅ እንጨት የሚሆን ዘይት ወይም ቨርኒሽ ይቀባል። የላሉት ብሎኖች ይጠብቃሉ፤ በጣውላዎቹ ክፍተት የተወተፈው ቅጠል ይወጣል። በመጨረሻም ባትሪ ይዞ ከሥሩ ጎንበስ በማለት የየምሶሶው እግር በካቻቢቴ ጫፍ ይነካል። እንጨቱ ከደነደነ ደኅና ነው፤ ካቻቢቴው ሳይታገል ከገባ ግን ያ ምሶሶ ክረምቱ ሳይገባ ይቀየራል።