መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ

አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ ሥርዓት ነበረው። ከደጋው ዛፍ የተለቀመው አበባ ደርቆ ይፈጭና ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ልኩ ለልጅና ለአዋቂ፥ ለብርቱና ለደካማ ይለያያል። የጠጣውም ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ ከቤተ ሰቡም አንዱ ከአጠገቡ አይርቅም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልነበረም። ኮሶ ትሉን ከሆድ ቢያወጣም መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ያፈዛል፤ ከባሰም ይገድላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነርሶች በትምህርት ቤት ፋርማኮሎጂ ብለው የሚማሩት ዕውቀት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ትምህርቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? ምን ያህሉ ይበቃል? መጉዳት ሲጀምርስ በምን ይታወቃል? ሁለቱን ጥያቄዎች ሁላችንም እናስባቸዋለን፤ ሦስተኛውን ግን እንዘነጋዋለን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ሦስተኛው ነው።

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፥ የዳባት አካባቢ ተወላጅ፥ ብዙ ቀን ከክፍል ጠፋ። ሲመለስ «መምህር፥ ወንድሜን ሳስታምም ነበር» አለኝ። ታላቅ ወንድሙ እንደ ብዙ የደጋ ጎልማሶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ትኩሳቱ አልለቅ አለው፤ ሆዱ በግራ ጎኑ በኩል አበጠ፤ ሰውነቱም መነመነ። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። በኋላ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ።

ይህን በሽታ የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። በቆላው በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የቀን ሠራተኛውም ሌሊቱን የሚያሳልፈው እዚያው ነው። ተውሳኩ ጣፊያን፥ ጉበትንና መቅኔን ያጠቃል፤ ሳይታከሙ ከቀሩት ሰዎች ከመቶ 95 የሚሆኑት ወይም ከዚያም የሚበልጡት ይሞታሉ። በ1997 ዓ.ም. ቀድሞ በሽታው በማይታወቅበት በሊቦ ከምከም ወረዳ መነሣቱ ሲረጋገጥ፥ አስቀድሞ ብዙ ሰው ወባ ነው እየተባለ ሲታከም ቆይቶ ነበር።

ጎንደር ለጤና ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በአንድነት ማሠልጠን የጀመረው እዚሁ ነው። ያ ኮሌጅ አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ካላ አዛርን የሚያክምና የሚመራመር ማእከልም አለው።

ለዚህ በሽታ ብዙ ዘመን ሲሰጥ የኖረው መርፌ ስቲቦግሉኮኔት ይባላል፤ አንቲሞኒ ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 20 ሚሊ ግራም አንቲሞኒ ሲሆን፥ ብቻውን ሲሰጥ 30 ቀን ይፈጃል። የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት በ2002 ዓ.ም. ለምሥራቅ አፍሪካ የመረጡት ግን ፓሮሞማይሲን ከሚባል ሌላ መርፌ ጋር አጣምሮ 17 ቀን መስጠትን ነበር።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና እስቲ እናስላ። አንድ ሰው በደኅና ጊዜው 55 ኪሎ ነበረ፤ በሽታው 42 አደረሰው እንበል። ሚዛን ላይ ሳይወጣ በቀድሞው ክብደቱ ቢሰጠው በቀን 1,100 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ የሚገባው ግን 840 ነው። ትርፉ በ17 ቀን 4,420 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ይህም የአምስት ቀን መድኃኒት ያለ አግባብ ተጨመረበት ማለት ነው። «ማባዛት ምን ይጠቅመናል?» ለሚሉኝ ተማሪዎች መልሴ ይህ ነው።

ነገር ግን ልኩ ትክክል ቢሆንም ሥራው አያልቅም። አንቲሞኒ በልኩ ተሰጥቶም የልብን አመታት ሊያዛባ፥ ቆሽትን ሊያስቆጣ፥ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል፤ ፓሮሞማይሲን ደግሞ ጆሮንና ኩላሊትን። ስለዚህ ጥሩ ነርስ በየማለዳው አስቀድማ የሕመምተኛውን ስም ጠይቃ ከካርዱ ጋር ታስተያያለች፤ መድኃኒቱን፥ መጠኑን፥ ሰዓቱንና የሚሰጥበትን መንገድ ታረጋግጣለች። ቀጥላ የደም ሥሩን ትርታ በሰዓቷ ትቈጥራለች፤ አስመልሶህ ነበር ወይ? ሆድህን ያምሃል ወይ? ጆሮህ ይጮኻል ወይ? ሽንትህ ቀንሷል ወይ? ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱንም ትጽፋለች።

ተማሪዬ ያጫወተኝም ይህንኑ ነው። በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ወንድሙ ደጋግሞ አስመለሰው፤ ሆዱን እስከ ጀርባው ድረስ ወጋው። «ለሲስተር እንዳትነግራት፤ መርፌውን ካቋረጡብኝ መሞቴ ነው» ብሎ ልጁን አስማለው። ነጋ፤ ነርሷ መጥታ ጠየቀችው። «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» አላት። እርሷ ግን ያልተነካውን እንጀራ አየች፤ ቀጥላም ልጁን አየችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጥቂት ቆይቶ እያለቀሰ ነገራት።

ነርሷ የቀዳችውን መርፌ አኖረችና ሐኪሙን ጠራች። ደሙ ሲመረመር ቆሽቱ መቈጣቱ ታወቀ። መድኃኒቱ ቆመ፤ ሲሻለውም በሌላ ዓይነት መድኃኒት ሕክምናው ተፈጸመ። ወንድምየው መሐላውን ስላፈረሰ ልጁን ሁለት ቀን አኵርፎት ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱም በሕይወት ይነታረካሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መድኃኒቱ ያመጣበትን ሕመም የደበቀም እንደዚያው ነው። ያ ጎልማሳ የደበቀው ከስንፍና አልነበረም፤ መዳን ስለ ፈለገ ነው። ብዙዎቻችንም እንደ እርሱ ነን። የቢሮ ሥራ እንዳይስተጓጐልብን፥ ፈተና እንዳያመልጠን፥ ሐኪሙ እንዳይቈጣን ብለን «ደኅና ነኝ» እንላለን። በቤታችን የጠጣነውን የባህል መድኃኒትም አንናገርም። ሻል ሲለን የቀረውን ኪኒን ትተን ለጎረቤት እናድላለን።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. መድኃኒት ያለ ጉዳት እንዲሰጥ ለአገሮች ሁሉ ጥሪ አድርጓል። ጥሪው ለሐኪምና ለነርስ ብቻ አይደለም፤ አልጋው አጠገብ ለሚቀመጠው አስታማሚም ነው። ስለዚህ የምንወስደውን መድኃኒት ስም እንወቅ፤ ልኩን እንጠይቅ፤ ከወሰድነውም በኋላ የተሰማንን ሳንደብቅ እንናገር። አያቶቻችን ኮሶ የጠጣውን ሰው ብቻውን አይተዉትም ነበር።