ፑማው የሄደው ስለተኛችሁ አይደለም

ከዴንቨር በስተ ምዕራብ ባሉት ተራሮች ከኦሮራ የመጡ ቤተሰቦችን እየመራሁ ሳለ ከበላያችን ካለው ቋጥኝ ላይ አንድ ፑማ ብቅ አለ። ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ማለት ያለብኝን ሁሉ ብያለሁ። እንዲያም ሆኖ አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ትከሻቸውን ተጭኖ "ተኙ! እንዳትተነፍሱ!" አለና እላያቸው ላይ ተደፋ። ፑማው ትንሽ አየንና ጥዱ ውስጥ ገባ። የተነካ ሰው የለም።

እስካሁን የሚከነክነኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ሰውዬው በየማኅበሩና በየልደቱ "ልጆቼን ያተረፍኳቸው መሬት አስተኝቼ ነው" እያለ ያወራል፤ የሰማውም አምኖ ለሌላው ያቀብላል። በቀደም አንዲት እናት "ሲመጣ ዝም ብሎ መተኛት ነው አሉ" ብላ እኔኑ መከረችኝ።

ይህን ወሬ ማስተባበል የሚያስቸግረው ፑማ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ፈቃድ የሚሄድ እንስሳ ስለሆነ ነው። የኮሎራዶ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በግዛቱ ውስጥ ከ3,800 እስከ 4,400 ፑማዎች እንዳሉ ይገምታል። በመላው ሰሜን አሜሪካ ግን ባለፉት መቶ ዓመታት በፑማ የሞቱት ሰዎች 30 ገደማ ናቸው። እንግዲህ የተኛውም፣ የሮጠውም፣ ስለት የተሳለውም በሰላም ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ለገዛ ዘዴው ምስክር ይሆናል። ዘዴ የሚፈተነው እንስሳው አልሄድም ያለ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ያየው ሰው ጥቂት ነው።

የመተኛቱ ነገር ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። የሞተ መስሎ የተኛውን ሰው አሽትቶ ትቶት ስለሄደው ድብ ልጅ ሆነን ያልሰማን የለንም። ጉዱ ግን ተረቱ እዚህ ግዛት ለድብም አለመሥራቱ ነው። የሞተ መምሰል የሚመከረው ግልገሎቿን ለመከላከል ለተነሳች ግሪዝሊ ድብ ነው፤ ኮሎራዶ ውስጥ የመጨረሻዋ የምትታወቀው ግሪዝሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ተገድላለች። አሁን ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ እሱም ካጠቃ መታገል እንጂ መተኛት አይመከርም።

ፑማ ማጅራት መቺ ነው። ቀለቡ አጋዘን ነው፤ አድፍጦ ከኋላ ይመጣና አንገት ላይ ይነክሳል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ከለመደው ምግብ ጋር አይመሳሰልበትም። ጎንበስ ያለ ወይም የተኛ ሰው ግን ቁመቱ አጋዘን አከለ፣ ማጅራቱም ተገለጠ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሕፃን ስታነሱ እንኳ ጀርባችሁን ሳትሰጡ፣ ብዙ ሳታጎነብሱ፣ ዓይናችሁን ከእሱ ሳትነቅሉ የምንላችሁ። ጃኬታችሁን ከራስ በላይ ዘርጉ፣ ጩኹ፣ የሚሸሽበትን መንገድ ሳትዘጉ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ራቁ።

በ2020 ዩታ ውስጥ ፕሮቮ አጠገብ አንድ ሯጭ የቀረጸውን ስድስት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ግልገሎች ያሏት ፑማ እየዘለለች ስትከተለው ሰውዬው እየጮኸባት ወደ ኋላ ይራመዳል፤ መጨረሻ ላይ ድንጋይ ሲወረውርባት ዞራ ትሮጣለች። ቪዲዮውን ያሳየኋቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ለምን እግሬ አውጪኝ አላለም?" ብለው ነው። ቢሮጥ ኖሮ ቪዲዮው ስድስት ደቂቃ መድረሱን እጠራጠራለሁ። የሚሸሽ ነገር ማሳደድ ደሟ ውስጥ ያለ ነው።

መቆምና መጮህ ሁልጊዜ ይበቃል አልልም። በ2019 ኮሎራዶ ሆርስቱዝ ተራራ ላይ ሲሮጥ የነበረ ሰው ኮሽታ ሰምቶ ዞረ፣ እጁን አንስቶ ጮኸ፤ ያም ሆኖ አንድ ወጣት ፑማ ዘሎ ያዘው። ሰውዬው በድንጋይ መታው፣ በመጨረሻም አንገቱን በእግሩ ረግጦ ገደለው። በ2024 ዋሽንግተን ግዛት ፎል ሲቲ አጠገብ ፑማ የአንዲት ብስክሌተኛን ፊት ነክሶ ሲይዝ ጓደኞቿ በድንጋይ ደብድበው አስለቀቋት፣ ብስክሌት ጭነውበትም የዱር እንስሳት ሠራተኛ እስኪደርስ ይዘው ቆዩ። ሁለቱም ሰዎች የተረፉት በትግል ነው።

"ሽጉጥ ልያዝ?" የሚለኝም አይጠፋም። ያው ሰው ግን የስድስት ዓመት ልጁ ከፊታችን ተፈትልኮ መታጠፊያው ላይ ሲሰወር ምንም አይመስለውም! ሕፃን ቁመቱ አጭር ነው፣ ይሮጣል፣ ይጮኻል፤ ከማናችንም በላይ ፑማ የሚጋብዝ እሱ ነው። አዋቂ ከፊት፣ አዋቂ ከኋላ፣ ልጅ መሐል፣ ያውም እጅ በሚደርስበት ርቀት። ቅጠልና አፈር የለበሰ የአጋዘን ሬሳ ካያችሁ ባለቤቱ ሩቅ አይደለምና በመጣችሁበት ተመለሱ። ጆሮ ላይ የሚሰካውን ማዳመጫ አውልቁ።

ሰዓቱም አለ። እኛ አርፍደን እንወጣለን፣ ሥጋ እንጠብሳለን፣ ቡና ሳይፈላ አንነሳም፤ ጉዞው ሲጀመር ፀሐይ ማዘቅዘቅ ትጀምራለች። ፑማ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ሲመሽና ሲነጋ ነው። ከአሁን በኋላ ልጅ ይዞ ከእኔ ጋር የሚወጣ ሰው ቡናውን ቤቱ ጠጥቶ ይምጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው ጋ የማያደርስ ጉዞ አልመራም።